ጎተራና ጥቁር ሰሌዳ

የኤድዋርድ ሚጌል የምዕራብ ኬንያ ጥናቶች ሲመረመሩ

የምዕራብ ኬንያ ገበሬ በቆሎውን የሚሸጠው ዋጋው እጅግ በሚረክስበት ወቅት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ በቆሎ፣ አንዳንዴም ከዚያው ገበያ፣ ከሸጠበት በላይ ከፍሎ ይገዛል። በምሥራቅ አፍሪካ ዋና ዋና ገበያዎች ከመኸር እስከ ችግሩ ወራት ባለው ጊዜ የእህል ዋጋ ከ25 እስከ 40 በመቶ እንደሚጨምር፣ ከመንገድ ራቅ ባሉት ደግሞ ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከ50 በመቶ እንደሚያልፍ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ይህ ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዋጋው እንደሚወጣ ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። ታዲያ እያወቀ ለምን ይሸጣል?

ይህን ጥያቄ ከመረመሩት ምሁራን አንዱ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤድዋርድ ሚጌል ናቸው። ከማርሻል በርክና ከሎረን በርግክዊስት ጋር በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና የፈረንጅ ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ርእሱ የነጋዴን ምክር ገልብጦ የያዘ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት» እንደማለት ይሆናል። የጥናቱ መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ገበሬው ገንዘብ የሚፈልግበት ቀን አይጠብቀውም፤ እስከዚያ የሚያደርሰው ብድርም አያገኝም። ከእነዚያ ቀኖች አንዱና ከባዱ የትምህርት ቤት መክፈቻ ነው። የኬንያ የትምህርት ዘመን፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጥቂት ዓመታት ቢዛነፍም፣ በተለምዶ በጃንዋሪ ይጀምራል። በስዋሂሊ «ካሮ» የሚባለው የትምህርት ክፍያም የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው። መኸሩ ከገባ ብዙም አልቆየም፤ ገበያው በእህል ተጥለቅልቋል፤ ዋጋውም ወድቋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። ሚጌል ስለ እህል ገበያ ከመጻፋቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ዓለም ያወቃቸው በትምህርት ቤት ጥናታቸው ነበር። ጎተራውም ጥቁር ሰሌዳውም በሥራቸው ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ ክፍለ አገር፣ በአጎራባች ወረዳዎች ነው። ነገር ግን አንዱ ጥናት ሌላውን እምብዛም አያነጋግረውም። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የማይናገረውን ነገር ይናገራሉ። የዚህ ሂስ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

ትምህርት ቤቱ

ሚጌል ከማይክል ክሬመር ጋር (ክሬመር በ2019 ከአብሂጂት ባነርጂና ከኢስተር ዱፍሎ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ናቸው) በቪክቶሪያ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በኡጋንዳ ድንበር ላይ በምትገኘው በቡሲያ በ75 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያካሄዱት ሥራ በ2004 «ኢኮኖሜትሪካ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ትምህርት ቤቶቹ በሦስት ምድብ ተከፈሉ። የሆድ ትልና የቢልሃርዝያ መድኃኒት ለመጀመሪያው ምድብ በ1998፣ ለሁለተኛው በ1999፣ ለሦስተኛው በ2001 መታደል ጀመረ፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ለቀደሟቸው ማነጻጸሪያ ሆኑ። ተማሪዎቹ በጠቅላላው ከ30 ሺህ በላይ ነበሩ።

ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ከትምህርት ገበታ መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ። ትሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ስለጠበበ፣ መድኃኒቱን ያልወሰዱ ልጆችም ጭምር ተጠቀሙ። የፈተና ውጤት ግን አልተሻሻለም፤ ደራሲዎቹም ይህን አልሸሸጉም። የአንድ ልጅ መድኃኒት ወጪ በዓመት ከአንድ ዶላር በታች መሆኑ ሲታይ፣ ልጅን ትምህርት ቤት ለማዋል ከዚህ የረከሰ መንገድ አይገኝም የሚለው ሐሳብ በፍጥነት ተስፋፋ። ኬንያም በ2009 በመንግሥት ደረጃ ተማሪዎችን ማከም ጀመረች።

ጥናቱ ያለ ተቃውሞ አልኖረም። በ2015 የለንደን ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና አስልተው ስሕተቶች አገኙበት፤ በተለይም ራቅ ወዳሉት ትምህርት ቤቶች ተሻግሯል የተባለው ጥቅም በመጀመሪያው ስሌት የተጠቀሰውን ያህል እንዳልጸና አሳዩ። በመድኃኒት ምርምርና በኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች መካከልም ረጅም ክርክር ተነሣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለሚጌል ሊነገርላቸው የሚገባው ቁም ነገር አለ። ተቺዎቹ ስሕተቱን ሊያገኙት የቻሉት ደራሲዎቹ ጥሬ መረጃቸውን አሳልፈው ስለሰጧቸው ነው። ሚጌል ከዚያ በፊትም፣ በ2012፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ግልጽነት እንዲሰፍን የሚሠራ ማዕከል በበርክሌይ ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። መዝገቡን ከፍቶ «ቁጠሩት» የሚል ምሁር ሊታመን የሚገባው ባይሳሳትም ብቻ ሳይሆን ሲሳሳትም የሚታይ በመሆኑ ነው።

ለዚህ ሂስ ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ሁለት ጽሑፎች ናቸው። የመጀመሪያው ሚጌልና ክሬመር በ2007 ያሳተሙት ነው። መድኃኒቱ በነፃ መታደሉ ቀርቶ ወላጆች ጥቂት ሽልንግ እንዲያዋጡ ሲጠየቁ፣ የሚወስዱት ልጆች ቁጥር በ80 በመቶ አሽቆለቆለ። ሁለተኛው ሚጌል ከክሬመርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ያወጡት ነው። ያኔ መድኃኒቱን ቀድመው ያገኙት ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲጠየቁ፣ ዘግይተው ካገኙት ይልቅ የኑሮ ወጪያቸው በ14 በመቶ፣ የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ጨምሯል፤ በከተማ የመኖር ዕድላቸውም ሰፍቷል። በልጅነት የተገኘ ጤናና የትምህርት ገበታ የገበሬውን ልጅ ከእርሻው አውጥቶታል ማለት ነው።

ጎተራው

አሁን ወደ ጎተራው እንለፍ። የእህሉ ሙከራ የተካሄደው ከቡሲያ ብዙም በማይርቁት በዌቡዬና በማቴቴ አካባቢዎች፣ ከ2012 እስከ 2014 በነበሩት ሁለት የምርት ዘመናት ነው። ተባባሪው በ2006 በቡንጎማ የተመሠረተውና ለአነስተኛ ገበሬዎች ዘርና ማዳበሪያ በብድር የሚያቀርበው «ዋን ኤከር ፈንድ» ነበር። ዕጣ ለወጣላቸው ገበሬዎች መኸር ላይ የገንዘብ ብድር ቀረበላቸው። መያዣው የራሳቸው በቆሎ ነው፤ ጆንያዎቹ ምልክት ታስሮባቸው እዚያው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

ብድሩን ያገኙት በመኸር ጊዜ ጥቂት ሸጡ፤ በችግሩ ወራት ደግሞ ብዙ ሸጡ፣ ጥቂት ገዙ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ብድሩ በዘጠኝ ወር 29 በመቶ ትርፍ አስገኝቷል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥናቱ ከብዙ መሰሎቹ አይለይም ነበር። ዋናው ብልኀቱ ሌላ ነው። በአንዳንድ ቀበሌዎች ብድሩ ለብዙዎች፣ በሌሎች ለጥቂቶች እንዲደርስ ተደርጎ ተከፋፈለ። ብዙዎች እህላቸውን ባስቀመጡበት ቀበሌ የመኸሩ የገበያ ዋጋ እንደሌላው ጊዜ አልወደቀም። በዚህም ብድር ያልወሰዱት ሻጮች ሳይቀሩ ተጠቀሙ፤ የተበዳሪዎቹ የግል ትርፍ ግን ቀነሰ። ጥቂቶች ብቻ በተበደሩበት ዋጋው አልተነቃነቀም፤ ትርፉም የተበዳሪው ሆኖ ቀረ። አንድ ገበሬ እህሉን ማስቀመጡ የግል ጉዳይ ነው፤ መቶ ገበሬ ሲያስቀምጥ የገበያው ጉዳይ ይሆናል። በትል ጥናቱ ላይ የታየው ወደ ጎረቤት የሚሻገር ጥቅም እዚህም በሌላ መልክ መጥቷል። የሚጌል አእምሮ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ከተረጂው አልፎ ጎረቤቱን ይቆጥራል።

ያልተነጋገሩት ጽሑፎች

እዚህ ድረስ ያለው ምስጋና ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ጎተራውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ቤት ሲገናኙ ነው።

በእህል ጥናቱ ሚዛን በመኸር ጊዜ የሚሸጥ ገበሬ ከስሯል። ሊያገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ ያጣው ገንዘብ ስላጠረው ነውና፣ መድኃኒቱም ብድር ነው። ስሌቱ ከእህሉ አንጻር ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ገበሬ በዚያው ዕለት፣ በዚያው ገንዘብ ሌላ ነገር ገዝቷል፤ የልጁን የአንድ ወቅት ትምህርት። የ2021ዱ ጥናት እንደሚመሰክረው በአካባቢው በልጅነት የተገኘ ዕድል ከሃያ ዓመት በኋላም ገቢ ያፈራል፤ የሚያፈራውም በአብዛኛው ከእርሻ ውጭ ነው። በአንዱ መዝገብ ኪሳራ ተብሎ የተጻፈው ሽያጭ በሌላው መዝገብ የረጅም ጊዜ መዋዕለ ንዋይ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን መዝገቦች ያዘጋጁት ያው ምሁር ሲሆኑ ሂሳቡ በአንድ ገጽ ተደምሮ አይታይም።

የ2007ቱ ውጤት ይህን ይበልጥ ያጠናክረዋል። የአካባቢው ወላጆች ለትል መድኃኒት ጥቂት ሽልንግ ለማውጣት አመነቱ። ይህ ሲነበብ ወላጁ ለልጁ ነገ ግድ የለሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአጎራባቹ ወረዳ ያሉ መሰሎቹ ጎተራቸውን በወደቀ ዋጋ እያራቆቱ ለትምህርት ይከፍላሉ። ሁለቱ እውነቶች ተቀምጠው ሲታዩ፣ ወላጁ ምን እንደሚያስቀድም በራሱ እጅ የጻፈው መግለጫ ይሆናሉ፦ ለትል የማይከፍለውን ለጥቁር ሰሌዳው ይከፍላል፤ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሰው ብድር ያነሰው ነጋዴ አድርጎ ብቻ መሣል ያሳንሰዋል።

በእርግጥ ካሮ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። በሙከራው የመጀመሪያ ዓመት ብድሩ ለአንዳንዶች በኦክቶበር፣ ለሌሎች የክፍያው ቀን ሲደርስ በጃንዋሪ ቀርቦ ነበር፤ የተሻለ ውጤት ያሳየውም ቀድሞ የተሰጠው ነው። ጎተራውን ከጃንዋሪ በፊትም የሚቦረቡሩ ችግሮች አሉ። ቢሆንም የትምህርት ክፍያው ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ሕመምና ለቅሶ ቀን አይቀጥሩም፤ የካሮ ቀን ግን በሰው የተቀጠረ ነው። ስለዚህም በሰው ሊለወጥ ይችላል።

ዋናው ትችት እዚህ ላይ ነው። ሙከራው ገበሬው ቀን መቁጠሪያውን እንዲችለው ያግዘዋል፤ ቀን መቁጠሪያውን ማን እንደጻፈው ግን አይጠይቅም። ክፍያው ለምን መኸር በገባ ማግስት ይጠየቃል? ለምን በሦስትና በአራት ተከፍሎ፣ ዋጋው በሚወጣበት ወቅት ብዙው እንዲሰበሰብ አይደረግም? ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የኬንያ አዳሪ ትምህርት ቤት ራሱ የበቆሎ ሸማች ነው። ተማሪው የሚበላው ኡጋሊም ሆነ ጊዜሪ ያለ በቆሎ አይሠራም። ወላጁ በቆሎውን ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ ነጋዴው ያቆየውን ትምህርት ቤቱ በውድ ይገዛል፤ የምግቡ ወጪም ተመልሶ በካሮ ላይ ይጨመራል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከወላጅ በገንዘብ ፋንታ በቆሎና ቦሎቄ መቀበላቸው በኬንያ የታወቀ ነው። በዕጣ የሚካሄድ ሙከራ ይህን ሊፈትነው ይችል ነበር፤ በአንድ ወገን በዓይነት የሚቀበሉ፣ በሌላው በገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን አስቀምጦ ጎተራውንም ገበያውንም መቁጠር ከሚጌል ልምድ በላይ አይደለም።

ለዚህ ሊሰጥ የሚችለው መልስ ግልጽ ነው፤ አንድ ጥናት አንድ ጥያቄ ይመልሳል፣ ሁሉን ካልመለሰ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም የሚል ነው። መልሱ ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል፤ ለሃያ ዓመት ሥራ ግን አይበቃም። ሚጌል የመንግሥትን ድርሻ መመርመር እንደሚችሉ ራሳቸው አሳይተዋል። በ2004 «ወርልድ ፖለቲክስ» ላይ ባወጡት ጽሑፍ የኬንያዋን ቡሲያንና የታንዛኒያዋን ሜአቱን አነጻጽረዋል። በቡሲያ የተለያዩ ብሔረሰቦች በተቀላቀሉበት ቀበሌ ለትምህርት ቤት የሚዋጣው ገንዘብ ያንሳል፤ በሜአቱ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ምክንያቱን ሲያብራሩም የታንዛኒያ መንግሥት ስዋሂሊን የሁሉም ቋንቋ አድርጎ፣ በትምህርቱም አንድ አገርነትን እያስተማረ መኖሩን ጠቅሰዋል። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ መንግሥትና ታሪክ አሉ። በእህሉ ጽሑፍ ውስጥ ግን መንግሥት የለም፤ ያሉት ገበሬ፣ አበዳሪና ገበያ ናቸው። ካሮም እንደ ዝናብ ወቅት ከላይ የወረደ ነገር ሆኖ ይታያል።

ታሪኩ ግን ይህን አይፈቅድም። የትል ሙከራው ሲጀመር የኬንያ ወላጅ ለአንደኛ ደረጃም ይከፍል ነበር። በ2003 የአንደኛ ደረጃ ክፍያ ሲቀር በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ጎረፈ። በ2008 መንግሥት የቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የማስተማሪያ ወጪ መሸፈን ጀመረ፤ የአዳሪው፣ የምግቡና የደንብ ልብሱ ሸክም ግን በወላጅ ላይ ቀረ። ጎተራው በ2012 የሚራቆተው በ1998 ይራቆት በነበረበት ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሰው ውሳኔ የሆነ ነው፤ ከማንኛውም ብድር በላይም የጎተራውን ዕጣ ይወስናል።

ለአማርኛ አንባቢ

እነዚህን ጥናቶች ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል ይቸገራል። በእንግሊዝኛው «አርቢትራጅ» የሚለው ቃል ቀዝቃዛ ነው፤ በርካሽ ጊዜ ይዞ በውድ ጊዜ መሸጥን ያለ ፍርድ ይገልጻል። በአማርኛ የቅርቡ ቃል «ማከማቸት» ነው፤ እርሱም ክስ ያዘለ ነው። በደርግ ዘመን «አከማቺ» መባል ለወኅኒ፣ አልፎም ለሞት ያበቃ ነበር። ያ ክስ በነጋዴው ላይ የተነጣጠረ ነበር፤ ገበሬው ራሱ አከማቺ ሊሆን እንደሚችል፣ ቢሆንም የመኸሩን ዋጋ ከውድቀት ሊደግፍ እንደሚችል ያሰበ አልነበረም። የበርክ፣ የበርግክዊስትና የሚጌል ጥናት ለአማርኛ አንባቢ የሚያመጣው አዲስ ነገር ይህ ነው፤ ጎተራውን ሞልቶ የሚጠብቅ ገበሬ ጎረቤቱን የሚጠቅም ሰው ሆኖ ቀርቧል።

የቀን መቁጠሪያውም ጉዳይ በኢትዮጵያ በሌላ መልክ ይመጣል። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ የመኸር ሰብል የሚገባው ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ለደብተርና ለልብስ ገንዘብ የሚፈለገው ጎተራው ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። መኸር ላይ ገበሬውን ወደ ገበያ የሚገፋው ሌላ ሆኖ ኖሯል፤ በተለይም በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ግብር። በ2001 እና በ2002 የበቆሎ ዋጋ ከጥሩ ምርት በኋላ ሲወድቅ ዕዳው ቀኑን ጠብቆ መጣ፤ ዋጋው ግን ዕዳውን አልቻለም። በማግሥቱ የመጣው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ለእርዳታ ዳረገ። የሁለቱ አገሮች ቀኖች ይለያዩ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ከፋዩ ገበሬ ነው፣ ቀኑን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው።

የሚጌል ሥራ ዋጋ በዚህ አይቀንስም። በቡሲያና በቡንጎማ የገጠር ኑሮ ላይ እንደርሳቸው ረጅም ጊዜ የቆዩ፣ ያዩትን በትዕግሥት የቆጠሩ፣ ሲሳሳቱም መዝገባቸውን ለተቺ የከፈቱ ምሁራን ጥቂት ናቸው። የጎደለው አንድ ጽሑፍ ነው፤ የበቆሎውን ዋጋና የካሮውን ደረሰኝ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ። መረጃው ተሰብስቧል፤ ዘዴውም ተፈትኗል። ያ ጽሑፍ ቢጻፍ ከባንክ ይልቅ ለትምህርት ሚኒስቴር የሚላክ ይሆናል፤ ሚኒስቴሩም አንድ ሳንቲም ሳያበድር፣ የክፍያውን ቀን በማሻሻል ብቻ ምን ያህል እህል በጎተራ ሊያቆይ እንደሚችል ያይበት ነበር።